ውሃና ቤንዚን በአንድ ቀን የመጡ ዕለት

ያን ቀን ጠዋት የገብስ ቆሎ እየቆላሁ ነበር። ገና ሳይነጋጋ ነው የተነሳሁት። ቆሎው ለኛ ቤት አይደለም፣ ለጎረቤቴ ልጅ ስንቅ ነው። ልጅቷ ለትምህርት ቡልጋሪያ ወደሚሉት አገር የምትሄድበት ቀን ነበር። እናቷ በርበሬውንም ሽሮውንም ድርቆሹንም ራሷ አሰናድታ፣ ቆሎውን ግን «ያንቺ እጅ ይሻላል፣ እኔ አሳርረዋለሁ» ብላ አመጣችልኝ። እውነቷን ነው፣ ታሳርራለች። በዚያ ላይ ያን ሳምንት ሙሉ ስታለቅስ ነው የከረመችው። ዓይኑ እንባ የሞላ ሰው ደግሞ ቆሎ አይሆንለትም።

የምንኖረው ጉርድ ሾላ ነው። አሁን ፎቁን ስታዪ አይመስልሽም እንጂ ያኔ ከቤታችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤት አለ። አንዱ የኛ ነው። ሁለተኛው የልጅቷ እናት ቤት ነው፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ያቺን አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ሦስተኛው፣ ከኛ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የሚዋሰነው፣ የሽማግሌው ሜካኒክ ቤት ነው። እሳቸው ሙያውን በልጅነታቸው ጣሊያን ጋራዥ ገብተው ነው የተማሩት ይባላል። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ግን ሰማያዊ ቱታቸውን አውልቀው አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ሰይቸንቶ ነበረችው፣ ያቺ ከላይ ነጭ ከታች ሰማያዊ የሆነች ትንሽ መኪና። እናንተ አታውቋትም። ሞተሯ ከኋላ ነው። ከፊት ኮፈኗን ስትከፍቺ የምታገኚው ባትሪዋንና ቤንዚን መያዣዋን ነው። ልጅቷን አውሮፕላን ማረፊያ ለማድረስ ቃል የገባው እሱ ነው። ከኛ ሰፈር ቦሌ በመኪና ሩቅ አይደለም። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ሻንጣ፣ በእግር ግን የሚሞከር አልነበረም። አውቶቡሱም መጣ ሲሉት የለም።

ልጅቷ የተነገራት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ እንደሚዘጋ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ተጠባባቂ የሚባል ሌላ ልጅ ነበረው። እሱም ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ያንቺ እግር ከዘገየ የሱ እግር ይገባል፣ አለቀ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረችበት ነገር በዚያች ሰዓት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

እንግዲህ የዋዜማውን ልንገርሽ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያን ዘመን ውሃም ቤንዚንም እንደ እንግዳ ነበሩ፣ በፈለጉ ቀን ነው የሚመጡት። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ቦኖው ላይ ይመጣል። ቤንዚን በኩፖን ነው፣ ኩፖኑን ይዘሽም ማደያው ባዶ ነው። መኪናችን ቤንዚኗ ሊያልቅ ጠብታ ሲቀረው ግቢ ውስጥ ከቆመች ሦስት ቀኗ ነበር። ለልጅቷ መሸኛ እራት እየደገስን ሳለ «ውሃ መጣ!» ተባለ። እንስራ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ያለንን ሁሉ ይዘን ወጣን። አልበቃ አለን። እኔም የባለቤቴን የቤንዚን ጀሪካን ከማገዶው ቤት አወጣሁና በአመድና በሳሙና አሽቼ አጠብኩት። ለዕቃ ማጠቢያ እንኳ ይሆናል ብዬ ውሃ ሞላሁበት።

ገና ሳስቀምጠው ባለቤቴ እየሮጠ መጣ። «ቤንዚን መጥቷል! ሰልፉ መንገድ ወጥቷል! ጀሪካኑ የታለ?» ውሃውን ድፍት አደረግሁና አንድ ጊዜ ገልብጬ፣ አራግፌ ሰጠሁት። ሄደ። ማታ ጀሪካኑን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ከንጉሥ ግብር እንደተመለሰ ሰው ደረቱን ነፍቶ መጣ። እዚያው በቆመችበት መኪናዋ ላይ ቀዳው። «ነገ ልጃችንን እንደ ሚኒስትር ነው የማደርሳት» አለ።

በማግስቱ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ተነሳች። ቆሎዬን እያማሰልኩ ሰማኋት፣ ደስ አለኝ። ሻንጣው ሳይጫን ግን ማሳል ጀመረች። እህ እህ እህ አለችና ዝም። ደግሞ አዞረው፤ ትዞራለች እንጂ አትነሳም። ደግሞ። ደግሞ። እኔም ምጣዱን ትቼ ወጣሁ። የዚያን ቀን ቆሎ እኔም አሳረርኩ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ጎረቤት አለን፣ መሥሪያ ቤት ለመሄድ ከነዝናብ ልብሱ ሲወጣ ድምፁን ሰምቶ ገባ። ሰዓት ያለው እሱ ብቻ ነው። ክንዱን ከፍ አድርጎ ያያትና፣ «አንድ ሰዓት ከሩብ» ይላል። ቆየት ብሎ፣ «አንድ ከሃያ» ይላል። የልጅቷ እናት በያንዳንዷ ደቂቃ ፊቷ ይገረጣል።

«ባትሪው ነው» አለ ሠራተኛው።

«ባትሪው አይደለም» አለ ባለቤቴ።

«እንግዲያው እንግፋት።»

ገፏት። ከግቢው በር እስከ ማሳው፣ ከማሳው እስከ ግቢው በር። ሰዉ ጭቃ በጭቃ ሆነ። እሷ አልተነሳችም።

የልጅቷ እናት ወደኔ መጣችና ጆሮዬ ላይ፣ «እታለም፣ እሳቸውን ጥሪልኝ። አንቺ ነሽ የምትችይው» አለችኝ። ማንን እንደሆነ ገብቶኛል። ሽማግሌው በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለምን መሰለሽ፣ ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ጸቡ እንዲህ ነው። ያኔ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሂስና ግለሂስ የሚሉት ነገር ነበር። ራስሽን ትወቅሻለሽ፣ ከዚያ ጎረቤትሽን ትወቅሻለሽ። ዝም ማለት አይቻልም፣ ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው አለው ይባላል። አንድ እሑድ ሽማግሌው ተነሱ ተባሉ። «ስለ ጎረቤትዎ ስለ ሹፌሩ ምን ይላሉ?» ተባሉ። ተነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጓድ ሹፌሩ የመኪናውን ዘይት በጊዜው አይቀይርም። ዘይቱ ጥቁር ነው» ብለው ቁጭ አሉ። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ጸሐፊው መዝገብ ላይ ጻፈው። ባለቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ በራቸውን ሲያልፍ አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል። «ይህን ሁሉ ዘመን መሪ ጨብጬ በዘይት ልዋረድ?» ነው የሚለው። ሽማግሌ ተልኮ አልታረቀም፣ ፋሲካ መጣ አልታረቀም።

ሄድኩና ጎንበስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ለሱ ብለው አይደለም፣ ለልጅቷ ብለው» አልኳቸው።

«እሱ ጥሩልኝ ብሏል?»

«አላለም።»

«ተጠርቼ ብመጣ ያባርረኛል?»

«እኔ እያለሁ አያባርርዎትም።»

ሳቅ አሉና ተነሱ። አንዲት የጨርቅ ጥቅል አላቸው፣ ውስጧ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሁለት ሦስት ቁልፍ ነው ያለው። እሷን ብቻ ይዘው መጡ። እኔ መኪናዋን ወዲያው ይበታትናሉ ብዬ ነበር። የኋላ ክዳኗን ከፈቱና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ብለው አዩዋት። ባለቤቴ ከፊት መሪውን ይዞ እንደ ሐውልት ተቀምጧል። ወደ ኋላ አልዞረም፣ ውረድም አልተባለም።

«ንገሪው፣ እጁን ከቁልፉ ላይ ያንሳ» አሉኝ።

ወደ ፊት ሄድኩ። «እጅህን ከቁልፉ ላይ አንሳ ይሉሃል።»

«ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም፣ በያቸው።»

ወደ ኋላ ተመለስኩ። «ሰምቻለሁ ይላል።» ሌላውን ዋጥኩት። ተኳርፎም ቢሆን አንቱታውን አልተወም፣ ይህቺን አመሰገንኩለት።

ከዚያማ ምን ልንገርሽ፣ በዚያች በአራት ክንድ መኪና ዙሪያ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ። እሳቸው ከኋላ ለኔ ይናገራሉ፣ እኔ ከፊት ለሱ እናገራለሁ። ሁለቱም የተባባሉትን ጥርት አድርገው ይሰማሉ፣ ግን እኔ ካልነገርኳቸው እንዳልሰማ ይሆናሉ። ሠራተኛው እንኳ ሳቁ መጣና፣ «ስልከኛ ሆንሽ እኮ» አለኝ። መኪና እንዴት እንደሚመረመር የተማርኩት ያኔ ነው። እያንዳንዷ ቃል በኔ አፍ ነው ያለፈችው።

መጀመሪያ ያደረጉት መጠየቅ ነው። «ጠዋት ጨርሳ እምቢ አለች፣ ወይስ ተነስታ ጠፋች?»

«ተነስታ ጠፋች ይላል።»

«ስትጠፋ ድርግም አለች ወይስ እያሳለች?»

ይህን እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ግን ደንቡ ደንብ ነውና ሄጄ ጠየቅሁ። «እያሳለች፣ በያቸው» አለኝ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሳት የተቋረጠባት መኪና እንደ መብራት ነው የምትጠፋው፣ በአንዴ። እያሳለች የሞተች ግን የጎደላት የምትበላው ነው። ይሁን እንጂ እንየው፤ ጆሮ ብቻውን አይታመንም። አንድ ጊዜ ያዙር በይው።»

አዞረ። ቀስ ብላ ዞረች።

«በቃ፣ ይተው። ባትሪው ደክሟል እንጂ አልሞተም። ያደከማችሁትም እናንተ ናችሁ» አሉ ወደ ሠራተኛው እያዩ።

«እንግዲያው ካንዴላው ነው» አለ እሱ፣ አልተሸነፈም።

«ካንዴላውን ራሱን እንጠይቀዋ።»

ከሞተሩ ላይ አንዷን እሳት ጫሪ ካንዴላ ፈቱ። ገመዷን መልሰው ሰኩባትና ብረቱ ላይ አስጠግተው ያዟት። «ነይ፣ አንቺ እይ። እኔ ብነግረው አያምነኝም፣ አንቺ አይተሽ ንገሪው። ያዙር በይው።» አጎንብሼ አየሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ትንሽ ሰማያዊ እሳት ጫፏ ላይ ትዘላለች። ቆንጆ ነገር ናት። እዚያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«እሳት አለ! ሰማያዊ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ወደ ፊት መሄዱን ረሳሁት።

«ቀይና ሰነፍ ቢሆን ሌላ ቦታ እንሄድ ነበር» አሉ። ካንዴላዋን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ፊታቸው ቅጭም አለ። ደግመው አሸተቱና መልሰው አጠበቋት።

«አንድ ሰዓት ከአርባ» አለ ሠራተኛው። ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፣ አዲሱን ሹራቧን ለብሳ። ጫማዋ እንዳይቆሽሽ እግሯን ከፍ አድርጋ ነው የያዘችው።

ቀጥለው ቤንዚን የምታመጣውን ጎማ ከካርቡራቶሩ ላይ ነቀሏት። ካርቡራቶር ማለት ቤንዚኑንና አየሩን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጎርሰው ነው፣ እንደ እናት በይው። ጎማዋን በጣታቸው ይዘው፣ «ያዙር» አሉ። ፊጭ፣ ፊጭ አለች። ፈሳሽ ወጣ።

«ቤንዚንም አላት፣ እሳትም አላት፣ ታዲያ ምን ቀራት?» አለ ሠራተኛው። «ሞተሩ ነው የሞተው። አበቃ።»

ይህን ጊዜ የልጅቷ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ባለቤቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። እኔ ሽማግሌውን ነው የማያቸው። ሰው ሁሉ ሲንጫጫ የሳቸው እጅ እንኳ አልፈጠነም። ያረጁ እጆች ናቸው፣ ጥፍራቸው ሁሉ ጥቁር፣ ግን ጎማዋን የያዙት የሕፃን ጣት እንደያዘ ሰው ነው።

«ንጹሕ ብርጭቆ አምጪልኝ» አሉኝ።

«ሻይ አማራቸው» አለ ሠራተኛው።

የሻይ ብርጭቆ አመጣሁ። ከጎማዋ የሚወጣውን ብርጭቆው ላይ አስቀዱና ወደ ብርሃኑ አነሱት። «አትንኩኝ፣ ይርጋ» አሉ። ሁላችንም ቆመን አየን። ቀስ እያለ ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ቢጫ የሆነ፣ ከታች ደግሞ እንደ አጓት ደመን ያለ። መካከላቸው በክር እንደተሰመረ ነው።

ጣታቸውን ከላይኛው ነክረው የእጄን ጀርባ ቀቡኝ። ቀዘቀዘኝ፣ ወዲያው በኖ ጠፋ። «ይህ ቤንዚን ነው» አሉ። ብርጭቆውን አዘንብለው ከታችኛው አንድ ጠብታ አስነኩኝ። ጠብታዋ እዚያው ተቀመጠች። ጣቴን አሻሸሁባት፣ ታዳልጣለች።

«ይህ ውሃ ነው። ውሃ ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል፣ መኪናዋ የምትጠባው ደግሞ ከታች ነው። ጠዋት የተነሳችው ጎማዋ ውስጥ በቀረው በድሮው ቤንዚን ነው፤ እሱ ሲያልቅባት ውሃ ጠጣች። በውሃ ላይ እሳት ብትጭሪ ምን ይነድዳል? ንገሪው። ደግሞ ጠይቂልኝ፣ ቤንዚኑ በምን መጣ?»

እኔ ወደ ፊት አልሄድኩም። የዚያች ጠብታ ማዳለጥ ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። የኔ ሳሙና ነው።

ባለቤቴ ግን ውሃ የሚለውን ሰምቶ በሩን በርግዶ ወረደ። «ውሃ? ውሃ ሸጠልኝ! ያ የማደያው ሰውዬ! ይህ አሻጥር ነው፣ አሁን ነው ቀበሌ ሄጄ የማስይዘው!»

ያኔ አሻጥር የሚለው ቃል ምን ማለት እንደነበር ላንቺ ማስረዳት ያስቸግረኛል። በዚያ ቃል ተይዞ የሄደ ሰው መመለሱን እንጃ። ያ ሰውዬ ደግሞ ዝናብ ላይ ቆሞ ቤንዚን ከመቅዳት በቀር ምን አደረገ? የጠዋቱን ሁሉ የሰው ቃል ስቀባበል ቆይቼ፣ ያኔ ነው የራሴን የተናገርኩት።

«ማንንም አታስይዝ። እኔ ነኝ። ትናንት ጀሪካንህን ውሃ ቀድቼበት ነበር። ስትጣደፍብኝ ሳላደርቅ ሰጠሁህ።»

ባለቤቴ ጀሪካኑን ዞሮ አየው። የልጅቷ እናት አየችኝ። ልጇ ብትቀር ያስቀረኋት እኔ ነኝ ማለት ነው። ያን ዓይኗን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ አልጠላችኝም፣ ግን ልትጠላኝ አንድ ጥፍር ነው የቀራት።

ሽማግሌው ብርጭቆውን መስኮቱ ሥር አስቀመጡና፣ «ሳፋ አምጪ» አሉኝ። ወቀሳ የለ፣ ምን የለ። «ደግሞ ንጹሕ ጨርቅ። ንገሪው፣ የፊቱን ኮፈን ይክፈት።»

የቤንዚን መያዣዋን የታችኛውን ብሎን ፈቱና ሳፋው ላይ አወረዱት። ውሃው ቀድሞ ወጣ፣ ከዚያ ጥሩው ቤንዚን ሲከተል ወዲያው ዘጉት። አንድ ጠብታ አላባከኑም። ጎማዋን አፋቸው ውስጥ ከተው ነፉባት፣ ተፉ፣ ደግመው ነፉባት። ካርቡራቶሩን ከፈቱት። ውስጡ የስኒ ያህል ጎድጓዳ አለ። እዚያም ታች ውሃ ተኝቷል። በጨርቄ ጠረጉት፣ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ አለች፣ እሷንም በትንፋሻቸው አጠሩ። እያንዳንዷን ብሎን ሲፈቱ መዳፌ ላይ ነው የሚያስቀምጧት፣ በተራ። ሲገጥሙ እጃቸውን ዘርግተው በተራዋ ይወስዷታል፣ አያዩም። ሳፋው ውስጥ የረጋውን ደግሞ ጠላ ከአተላው እንደሚለይ ከላይ ከላይ እየቀዱ፣ በጨርቅ አጥልለው መለሱላት።

«ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው» አለ ሠራተኛው። አሁን ድምፁ ቀንሷል። ዝናብ ልብሱን አውልቆ ነበር።

«አሁን ግፏት። ሁለተኛ ማርሽ ያስገባ በይው። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይያዝና እኔ ያልኩ ጊዜ ይልቀቅ።»

ሁላችንም ገፋን፣ እኔም፣ እናቲቱም፣ ልጅቷም ጫማዋን ረስታ። «ልቀቅ!» አሉ። እኔ እስክነግረው አልጠበቀም። መኪናዋ ዘለለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አሳለች። እህ… እህ… ከዚያ ድምፅዋን ከፍታ ጮኸች። የልጅቷ እናት እልል አለች።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ክዳኑ ላይ ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ። «ትንሽ ውሃ ቀርቷታል። መንገድ ላይ ታስላለች። እኔ አብሬ መሄድ አለብኝ» አሉ።

ያቺ መኪና ግን ምን ያህል ናት? ሻንጣው የኋላውን ወንበር ግማሽ ይዟል። ሽማግሌው ሞተሯን ለመስማት ከሻንጣው ጎን ከኋላ መቀመጥ አለባቸው። ልጅቷ ከፊት። ለእናቲቱ ቦታ የለም። ቆመች። ልጇን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ ሽማግሌውን አየች። ከዚያ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻትና፣ «ሂጂ» አለች። ያላለቀሰችበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። እኔም ያረረውን ቆሎ በላስቲክ አድርጌ በመስኮት ለልጅቷ ሰጠኋት። ለሽማግሌውም አንድ እፍኝ ኪሳቸው ውስጥ ጨመርኩ።

ከሄዱ በኋላ ከእናቲቱ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ይቅርታ ልላት ነበር። እሷ ናት የጀመረችው። «የዘይቱን ነገር አስበሽዋል?» አለችኝ።

«የምን ዘይት?»

«የስብሰባውን። ግድግዳችሁ አንድ አይደል? ባልሽ ማታ ማታ የውጭ አገር ራዲዮ ሲሰማ እሳቸው አይሰሙም? ያን ቀን ተነስተው መናገር ነበረባቸው፣ ዝም ማለት የለም። ከሚያውቁት ሁሉ ዘይቱን መረጡ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያን ራዲዮ ቢያነሱት ባለቤቴ ያኔውኑ ነበር የሚታሰረው።

አራት ሰዓት ሲሆን አውሮፕላኑ ተነሳ። ከኛ ግቢ ይታያል። ሁለታችንም ብድግ አልን። ልጅቷ እዚያ ውስጥ ትኑር ወይም በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ትሁን አናውቅም። እናቲቱ ደመና እስኪውጠው በዓይኗ ተከተለችው። «እግዚአብሔር ያውቃል» አለች፣ አልተቀመጠችም።

ከዚያ የሰይቸንቶዋ ድምፅ መጣ። በሩ ላይ ስትደርስ አንገታችንን አስግገን አየን። የፊቱ ወንበር ባዶ ነው። ሻንጣውም የለም። እናቲቱ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

ሁለቱ ሰዎች እየተጨቃጨቁ ወረዱ። እርስ በርሳቸው፣ ያለ እኔ! ለካስ መገናኛ ዳገት ላይ መኪናዋ ስታስል፣ ሽማግሌው ከኋላ «ጋዝ ስጣት! አትልቀቅ! ስጣት ብዬሃለሁ!» ብለው ጮኸውበታል። የሚያስተላልፍ ሰው የለማ። ባለቤቴም «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለ በሩ ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ልጅቷ እየሮጠች ስትገባ ተጠባባቂው ልጅ ሻንጣዋን ይዞላት ገባ አሉ፣ ደጉ ልጅ። እነሱም አውሮፕላኑ እስኪነሳ ጠብቀው ነው የተመለሱት። ባለቤቴ ጀሪካኑን አንስቶ ከአጥሩ ላይ አፉን ወደ ታች ሰቀለው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው የሻይ ብርጭቆዬን ይዘው በሬ ላይ መጡ። አጥበዋታል፣ ግን አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች።

«ሁለተኛ ሻይ እንዳትቀጂባት» አሉኝ።

«አልቀዳባትም ጋሼ። ስለ ዛሬው… ስለዚያ ጊዜውም፣ ስለ ስብሰባው…»

በእጃቸው አስቆሙኝ። ቆሎ ከኪሳቸው አውጥተው ቆረጠሙ፣ ባለቤቴ ወዳለበት መስኮት አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ዛሬ ስከፍታት ዘይቷን አየሁት» አሉ። «አሁንም ጥቁር ነው። እኔ ብነግረው ሌላ ሁለት ዓመት ያኮርፈኛል። አንቺ ንገሪው።»